ሰውየው ሳይገባ በሩ አይዘጋም

አራት ማዕዘን ይሣሉ ቢባሉ እጅዎን ስንት ጊዜ ከወረቀቱ ላይ ያነሣሉ? ችኩሉ ሰው አንዴም ሳያነሣ ዞሮ ይገጥመዋል። ጥንቁቁ፣ በተለይ ማስመሪያ ከእጁ የማይለይ ከሆነ፣ አራት ጎን ስላለው አራት ጊዜ ይላል። ቻይናዊ ሁለቱንም ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። አራት ማዕዘን ሦስት ነው። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች አንድ፤ ከላይ ወደ ቀኝ ሄዶ ጥጉ ላይ ሳይነሣ ታጥፎ የሚወርደው ሁለት፤ ከታች የሚዘጋው ሦስት። «ኮው» ይባላል፤ አፍ ማለት ነው። በሌላ መንገድ የሠራው ሰው ሳጥን ሣለ እንጂ አፍ አልጻፈም።

ቻይንኛ መጻፍ ሊማር የተነሣ ሰው የፊደሉን ብዛት ሰምቶ፣ ወገቡን አስሮ ነው የሚመጣው። በካንግሺ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ተዘጋጅቶ በ1716 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የወጣው መዝገበ ቃላት ከ47,000 በላይ ፊደላት እንደያዘ ተነግሮታል። መንግሥት በ2013 ያወጣው ሰንጠረዥ 8,105 ብቻ እንደሚዘረዝር፣ ከእነዚያም ውስጥ 3,500ዎቹ ለዕለት ኑሮ እንደሚበቁ ሲሰማ ትንሽ ይጽናናል። ለብዛቱ ልቡን አዘጋጅቷል። ያልጠበቀው ነገር እያንዳንዱ ፊደል በየት ተገብቶ በየት እንደሚወጣ ሕግ ያለው መሆኑን ነው። ይህን ሕግ «ቢሹን» ይሉታል፤ የጭረት ቅደም ተከተል። አንድ ፊደል አሥር ጭረት ካለው ከአንድ እስከ አሥር ተራ ተሰጥቷቸዋል። እንደ ቀበሌ ወረፋ ዘመድ አለኝ ብሎ ከፊት መግባት የለም።

እኔ የተማርኩት ቲያንጂን ውስጥ ነው፤ ከቤይጂንግ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቅ ከተማ። ክፍላችን ከካዛክስታን፣ ከሱዳን፣ ከጋና፣ ከታይላንድና ከእኛው አገር የመጡ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር፤ ሁላችንም ሌላ ሙያ ልንማር አስበን መጀመሪያ ቋንቋውን እንድናልፍ የተፈረደብን። መምህራችንን «ላኦሺ» ነበር የምንላቸው፤ እዚያ አገር ሁሉም መምህሩን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ከፍ ማድረግም አያስፈልጋቸውም። አጠገብዎ መጥተው ቆመው ብዕርዎን ትኩር ብለው ሲያዩት እጅዎ በራሱ ጊዜ ይቆማል።

ሕጉ ሲነገር ቀላል ነው። ከላይ ወደ ታች። ከግራ ወደ ቀኝ። የተጋደመው ከቆመው በፊት፤ መስቀል የመሰለው «አሥር» ሲጻፍ መጀመሪያ አግዳሚው፣ ከዚያ ቋሚው። ወደ ግራ የሚወርደው ወደ ቀኝ ከሚወርደው በፊት፤ ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመው «ሰው» የሚጻፈው ግራ እግሩን አስቀድሞ ነው። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሲመጣ ደግሞ መካከሉ ይቀድማል፤ «ትንሽ» የሚለው ፊደል መጀመሪያ ቋሚው ከነመንጠቆው፣ ከዚያ ግራው፣ ከዚያ ቀኙ። ይህን ሸምድደን እፎይ ስንል «እሳት» መጣ። እሳትም እንደ ትንሽ በግራና በቀኝ አጫጭር ጭረት አለው፤ መካከሉ ላይ «ሰው» ቆሟል። በተማርነው ሕግ መካከሉ ሊቀድም ነው። አይደለም! እሳት ላይ የጎንና የጎኑ ይቀድማሉ፣ ሰውየው በመጨረሻ ይገባል። የጋናው ልጅ ምክንያቱን ጠየቀ። ላኦሺ ጥቂት አሰቡና «እሳት ስለሆነ ነዋ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሳት የጠየቀ የለም።

ወረቀት ላይ ከመጻፋችን በፊት አየር ላይ እንጽፍ ነበር። ቀኝ ክንድ ተዘርግቶ፣ ሌባ ጣት ወደ ሰሌዳው ተቀስሮ፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ የጭረቱን ስም እየጠራን። የተጋደመው «ሄንግ»፣ የቆመው «ሹ»፣ ወደ ግራ የሚወርደው «ፒዬ»፣ ነጥቡ «ዲየን»፣ ወደ ቀኝ የሚወርደው ደግሞ «ና»። ላኦሺ ረገጥ አድርገው «ና!» ሲሉ ከመቀመጫው ብድግ የሚል ሐበሻ አይጠፋም ነበር፤ ካዛኮቹ ይህ ሰው ምን ዓይነት ትምህርት ወዳድ ነው እያሉ ይገረማሉ።

ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው በዚህ ጩኸት አይደነግጥም። ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ ያለ አፍ ሄንግና ሹ ማለት አያቅተውም። ልዩነቱ እጁ ላይ ነው። የኔታ በስንደዶ እያመለከቱ ሲያስቆጥሩ ድምፁን የሳተ ኩርኩሙን ይቀምሳል፤ እጅ ግን ከነገሩ ውስጥ አልነበረበትም። ማንበብ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ ነበር። ብራናና መቃ ብዕር ይዞ ቁም ጽሕፈት የሚማረው ከብዙ አንዱ ነው። የቻይና ልጅ ግን ፊደሉን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በክንዱም ነው የሚቆጥረው፤ ከክፍል ሲወጣ የደከመው ጉሮሮው ብቻ አይደለም።

ቅጥር ያለው ፊደል ሲመጣ ሌላ ሕግ አለ። ዙሪያው በሦስት ጎን ይሠራል፣ የውስጡ ይገባል፣ ከዚያ በታች በኩል ይዘጋል። መምህራን ለልጆች የሚነግሩት «መጀመሪያ ሰው ይግባ፣ ከዚያ በር ይዘጋ» እያሉ ነው። «አገር» የሚለው ፊደል በዚህ ሕግ ነው የሚጻፈው፤ «እስረኛ» የሚለውማ ለዚሁ ትምህርት ሲባል የተፈጠረ ይመስላል፤ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው። ሱዳናዊው የክፍል ጓደኛችን፣ አገሩ ላይ ሲቪል መሐንዲስ የነበረ፣ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ሳጥኑን አሳምሮ በአራቱም ጎን ዘጋና ሰውየውን ከዚያ በኋላ ውስጡ ጻፈው። ላኦሺ መነጽራቸውን አስተካክለው «ይህ ሰው በየት ገባ?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱ ሥራውን ዙሪያውን መረመረ። በር የለም፣ መስኮት የለም። «ምናልባት እዚያው ተወልዶ ይሆናል» አለ። ላኦሺ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ቢሆንም አልማሩትም፤ ግድግዳውን አስፈርሰው፣ እስረኛውን በወጉ አስገብተው፣ እንደገና አዘጉት።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፤ ያለቀ ፊደል ወረቀት ላይ ተቀምጦ ሲታይ ከየት እንደተጀመረ ማን ያውቃል? ሳጥኑ ሳጥን ነው። ሰውየውም ውስጡ አለ። እኛም ይህንኑ ተማምነን የቤት ሥራችንን በገዛ መንገዳችን እየሠራን እንወስድ ነበር፤ ያ በመስቀል የተከፈለ ካሬ ያለበት የልጆች ደብተር ላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል በየካሬው እየደጋገምን። ላኦሺ ደብተሩን ገልጠው፣ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው፣ በቀይ እርሳስ አንዱን ፊደል ይከቡና «ይህን ከታች ጀምረህ ነው» ይላሉ። ታይላንዳዊቷ ልጅ ሌሊት መጥተው የሚያዩን መስሏት ነበር።

ምስጢሩ ሟርት አልነበረም። ብዕር ሲያርፍ ይከብዳል፣ ሲነሣ ይቀላል፤ የእያንዳንዱ ጭረት ራስና ጅራት ከቀለሙ ይለያል። የመንጠቆው ጫፍ ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ጭረት መነሻ ያመለክታል። ሰው ትንሽ ፈጠን ሲል ደግሞ ብዕሩ ከወረቀቱ ሙሉ ለሙሉ ሳይለቅ ቀጭን ክር ጎትቶ ያልፋል። ክሩ ወደ ላይ ከሄደ ጸሐፊው ወደ ላይ ሄዷል ማለት ነው፣ መሄድ የነበረበት ግን ወደ ታች ነው። በጠጉር ብሩሽ ሲጻፍማ አይነሣ፤ ቀለሙ ያረፈበትና የሳሳበት ሁሉ ይመሰክራል። የማይታይ መስሎን የሠራነው ነገር ሁሉ፣ ለካ ማየት ለሚችል ሰው ተጽፎ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔ በመጀመሪያ ይህን ሁሉ የመምህር ጭቆና አድርጌ ነበር የማየው። አመለካከቴን ያስቀየረኝ አንድ አትክልት ሻጭ ነው። ቻይንኛ በድምፅ የሚመሳሰል ቃል የሞላበት ቋንቋ ስለሆነ ሰዎች ስም ሲነጋገሩ የትኛው ፊደል እንደሆነ ማስረዳት አለባቸው። ሰውየው የመንደሩን ስም ነገረኝ፤ አልገባኝም። ግራ መዳፉን ዘረጋና በቀኝ ሌባ ጣቱ መዳፉ ላይ ጻፈልኝ። ቀለም የለም፣ የቀረ ምልክት የለም፤ ጣቱ ነው የሄደው። አጠገቡ ቲማቲም የምትመርጥ ሴትዮ ከጎን አየችና «አሃ!» ብላ አነበበችው። የጣቱን መንገድ ስለምታውቀው ነው። ከታች የሚጀምር ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱ መዳፉን ሲያክክ ነው የሚመስላት። ቅደም ተከተሉ የጋራ ስለሆነ ምንም ያልተጻፈበት መዳፍ ይነበባል።

የሩጫ ጽሕፈታቸውም እንዲሁ ነው። የሐኪም ማዘዣ ላይ ወይም የሱቅ ደረሰኝ ላይ አሥር ጭረት ያለው ፊደል በሁለት ጥምዝ ሲያልቅ ታያላችሁ። ቅርጹ ጠፍቷል፣ የቀረው መንገዱ ነው። አንባቢው እንደ ዱካ ፈላጊ እጁ በየት አለፈ እያለ ነው የሚከተለው። በአዝራር ስልክ ዘመን ደግሞ አምስት አዝራር ብቻ የሚጠይቅ አጻጻፍ ነበር፤ አንድ ለተጋደመው፣ ሁለት ለቆመው፣ ሦስት ወደ ግራ ለሚወርደው፣ አራት ለነጥብና ወደ ቀኝ ለሚወርደው፣ አምስት ለሚታጠፈው ሁሉ። በተራው እየነካህ ስትሄድ ስልኩ ፊደሉን ራሱ ያመጣዋል። በላቲን ፊደል ድምፁን መጻፍ ያልተማሩ አዛውንት ይወዱታል፤ በቅደም ተከተል ያልሄደ ሰው ግን «እንኳን አደረሰህ» ሊል ሌላ ነገር ይልካል።

ይህ ሁሉ ለቻይናውያን የቤት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የ2008ቱን የቤይጂንግ ኦሊምፒክ መክፈቻ ያስታውስ፤ ቀነኒሳና ጥሩነሽ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ያመጡበትን። አገሮች በስታዲየሙ የተሰለፉት በላቲን ፊደል ተራ ሳይሆን በስማቸው ጭረት ብዛት ነበር። እንደ ወጉ ግሪክ ከፊት ሆነች። ቀጥሎ ጊኒ መጣች፤ ስሟ የሚጀምርበት ፊደል ሁለት ጭረት ብቻ ነውና። በላቲኑ ከፊት ከፊት መሄድ የለመደችው አውስትራሊያ የመነሻ ፊደሏ 15 ጭረት ስላለው ወደ ኋላ ተወርውራ፣ ከእሷ በኋላ የቀሩት በ16 ጭረት የምትጀምረው ዛምቢያና አስተናጋጇ ቻይና ብቻ ነበሩ። እኛስ? የኢትዮጵያ ስም በቻይንኛ «አይሳይአቢያ» ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል አሥር ጭረት አለው። በዚያው ፊደል የሚጀምር አንድ ሌላ አገር ብቻ አለ፤ ግብፅ። ስለዚህ የቻይና ጭረት ቆጣሪዎች ግብፅንና ኢትዮጵያን አከታትለው አሰለፏቸው፤ የግብፅ ሁለተኛ ፊደል ሦስት ጭረት፣ የእኛ አሥራ ሦስት ስለሆነ እነሱ ቀደሙ። የላይኛው ተፋሰስ አገር ከኋላ መሆኗን ማን እንደፈቀደ አላውቅም፤ ነገር ግን ተደራዳሪ አልተላከም፣ ተቃውሞም አልተሰማም።

ስማችንን ሙሉውን ልጻፍ ላለ ሰው 10፣ 13፣ 9፣ 4፣ 6 ነው፤ ድምሩ 42 ጭረት። ቻይና ለራሷ ስም 12 ብቻ ነው ያስቀረችው። የቪዛ ፎርም ላይ የአገራችሁን ስም በፊደላችን ሙሉ ሲባል የካዛኩና የእኔ እጅ ከሌላው በኋላ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ የታይላንዷ ልጅ ግን በሁለት ፊደል ገላግላ ወጥታለች።

ብዕረኞቻቸው ሲናገሩ ሁሉም መንገድ የሚያደርሰው ወደ ዋንግ ሺጂ ነው። በ353 የጸደይ ወራት፣ ሻኦሺንግ አጠገብ ላንቲንግ በሚባል ቦታ፣ ወዳጆቹ በወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ ጽዋ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ እየመጣላቸው ግጥም ሲገጥሙ ዋሉ፤ እሱ ለግጥሞቹ መግቢያ ጻፈ። ሞቅ ብሎት ነው የጻፈው ይባላል፤ በማግስቱ በደኅና አእምሮው ሊገለብጠው ቢሞክር ያን ያህል አላማረለትም ይባላል። ዋናው ጽሑፍ ዛሬ የለም፤ ያሉት ግልባጮች ናቸው። የጽሑፉ የመጀመሪያ ፊደል «ዮንግ» ነው፤ ዘላለም። ጭረቱ ሲቆጠር አምስት ነው፤ ብሩሽ የያዘ ተማሪ ግን ስምንት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ያገኝበታል፣ ስለዚህ እስከ ዛሬ መለማመጃ ሆኖ ቀርቷል። እኔም ብዙ ዘላለም ጽፌያለሁ። የሚያስቀው እነዚያ የጥንት ጌቶች በብዙ ፊደል ላይ የሚሄዱበት መንገድ ከዛሬው የትምህርት ቤት ደንብ የተለየ መሆኑ ነው። ዛሬ ተነሥተው ሁለተኛ ክፍል ቢቀመጡ፣ ፈተናውን በማማሩ ልክ ሳይሆን በተራው ልክ ስለሚያርሙት፣ ቀይ እርሳስ አይቀርላቸውም።

ይህን ለማመን ሩቅ አልሄድኩም። በምኖርበት ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ የማስጠናት አንዲት ልጅ ነበረች፤ በክፍያዬ ምትክ እራት ይጋብዙኛል። አያቷን «ዬዬ» እያለች ነው የምትጠራቸው፤ እኔም እንደዚያው። ዬዬ የፋብሪካ ሂሳብ ያዥ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ሄደው፣ የወገብ ያህል ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ስፖንጅ በታሰረበት ብሩሽ፣ ንጣፍ ድንጋይ ላይ በውሃ ይጽፋሉ፤ የቻይና መናፈሻ ሁሉ እንዲህ ዓይነት አዛውንት አያጣም። እጃቸው የሚያምር ሰው ናቸው።

አንድ ምሽት የልጅቷ የቤት ሥራ «የዋን ሁለተኛ ጭረት የቱ ነው?» ይላል። ዋን አሥር ሺህ ነው። ከላይ አንድ አግዳሚ አለ፤ ከሥሩ ሁለት እግር ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ግራ የሚያዘነብል፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሄዶ የሚታጠፍና ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው። አግዳሚው አንደኛ መሆኑን ሁሉም ተስማምቷል። ከእግሮቹ ማን ይቅደም?

ዬዬ «ግራ ነው እንጂ፣ ግራ ሁልጊዜ ይቀድማል» አሉ። ልጅቷ እርሳሷን ጥላ «መምህራችን መንጠቆው ይቀድማል ብለዋል» አለች። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «እኔም እንደ አባባ ነው የምጽፈው» ብላ ነገሩን አባባሰችው። አባትየው ስልኩን አወጣ። እዚያ አገር ፊደል ጭረት በጭረት በቀይ እየተሣለ የሚያሳይ ፕሮግራም የሌለው ወላጅ የለም። ሁላችንም ራሳችንን ገጥመን አየን። አግዳሚው መጣ። ቀጥሎ መንጠቆው መጣ። ግራ እግር በመጨረሻ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ አያቷን ብቻ አየቻቸው፣ ከጩኸት የባሰ።

ዬዬ ስልኩን ተቀብለው ደግመው አጫወቱት። ከዚያ «ፋብሪካው ውስጥ ስንት አሥር ሺህ በእጄ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ?» አሉ። «ገንዘቡ ይመለስ የምትሉ ከሆነ ከአሁኑ ንገሩኝ።» በማግስቱ መናፈሻው ላይ ሳያቸው አሥር ሺህን አስፍተው፣ ግራ እግሩን አስቀድመው ሲጽፉ ነበር። «ውሃ ነው፣» አሉኝ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው፣ «ተቆጣጣሪ ሳይደርስ ይደርቃል።»

የስልኩ ፍርድ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቻይና በ1997 ለ7,000 ፊደላት ይፋ የጭረት ተራ አወጣች፤ ከማርች 2021 ጀምሮ ደግሞ እነዚያን 8,105ቱን ሁሉ የሚሸፍን ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ታይዋን የራሷን መምሪያ በ1996 አሳትማለች። የቻይናን ፊደል ተውሳ የምትጽፈው ጃፓን ደግሞ ከሁለቱም ቀድማ በ1958። ሦስቱም ትክክለኛውን ነው ያወጡት፤ ሦስቱም አይገጥሙም። ሦስት አግዳሚና አንድ ቋሚ ያለውን «ንጉሥ» ቻይና ሁለት አግዳሚ ካስቀደመች በኋላ ነው ቋሚውን የምታወርደው፤ ጃፓን አንዱን አግዳሚ ብቻ ታስቀድማለች። «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉት ፊደላት በቻይና ሁለቱም በአግዳሚው ይጀምራሉ፤ በጃፓን ግን ግራ በአግዳሚው፣ ቀኝ ወደ ግራ በሚወርደው። ግራና ቀኛቸውን ለይተው የሚያውቁት እነሱ ናቸው ማለት ነው። ለጃፓኖቹ የማደንቅላቸው አንድ ነገር አለ፤ መምሪያቸው ራሱ፣ እዚህ ያላወጣነው መንገድ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም ብሎ መግቢያው ላይ ጽፏል። እንዲህ ያለ ትሑት መምሪያ በሌላ መሥሪያ ቤት አላጋጠመኝም።

እኔ በዚህ ክርክር ከላኦሺም ከዬዬም ጋር ነኝ፤ ይቻላል። እጅ አንድ መንገድ ከያዘ በኋላ ራስ የረሳውን ሲያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ያ ፊደል እንዴት ነበር?» የተባለ ቻይናዊ ጣሪያ አያይም፣ ጣቱን ጭኑ ላይ ያንቀሳቅሳል፣ ጣቱ ይነግረዋል። አሁን ሁሉም በስልክ በድምፅ ስለሚጽፍ ብዕር ሲያነሡ ፊደሉ የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው፤ ለዚህም ስም አውጥተውለታል፣ እያዘኑበት። ለዚያ እጅ የተራው መኖር ግድ ነው። የትኛው ተራ ይሁን የሚለው ግን የዬዬን ያህል የጻፈ እጅ ሲመጣ አፉን ቢዘጋ ደስ ይለኛል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ነገ ፈተና አለባት፤ እሷ መንጠቆውን ታስቀድም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሰፈራችን ሕንጻ የሚሠሩ ቻይናውያን ጋ በአስተርጓሚነት መሥራት ጀመርኩ። ከእነሱ አንዱ፣ ወጣት መሐንዲስ፣ እሁድ እሁድ እናቴ ዘንድ ቡና እየጠጣ አማርኛ ይማራል። ንግግሩ ቶሎ ገባው። ፊደል ላይ ስንደርስ ግን እርሳሱን አሹሎ፣ ካሬ ያለው ደብተር ገልጦ «ቀ ከየት ይጀመራል?» አለ።

ቤቱ ውስጥ ዝም ተባለ። ማንም ጠይቆን አያውቅማ። ወንድሜ «ቀለበቱ ነዋ፣ ከዚያ ዘንጉን ትሰካበታለህ» አለ። እህቴ ሳቀችና ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አውርዳ ቀለበቱን በላዩ ላይ አዞረችበት። እናቴ ደግሞ ግማሽ ቀለበት በግራ፣ ዘንግ፣ ግማሽ ቀለበት በቀኝ። አንድ ቤት ያደግን፣ አንድ ማዕድ የበላን ሰዎች ነን። መሐንዲሱ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ ከላይ «ወንድም»፣ «እህት»፣ «እማማ» ብሎ ጻፈና በየሥሩ ቁጥር እየሰጠ መዘገበ። ከዚያ ትንሽ አስቦ ፍርዱን ሰጠ። የአገሩ ስም የሚጀምርበት ፊደል፣ «ጆንግ»፣ መካከሉን ዘንግ የወጋው ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ቀድሞ ዘንጉ በመጨረሻ ይወርዳል። ስለዚህ ቀም ቀለበት፣ ከዚያ ዘንግ። ወንድሜ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

«የኔታ እንኳ ያላሉኝን!» አለች እናቴ። ስኒውን አስቀምጣ እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና አንድ ፊደል ጽፋ ሰጠችው። «እስቲ ይቺንስ ልጄ?»

ወ ናት። እንደ ቀ ቀለበት አላት፣ እንደ ቀ ዘንግ አላት፤ ዘንጓ ግን ከላይም ከታችም አይወጣም፣ ውስጥ ነው ያለው። መሐንዲሱ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እንደ ጆንግ ከሆነች ዘንጉ በመጨረሻ ነው። ነገር ግን ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ በር ሳይዘጋ መግባት አለበት። ክብ ነገር በሩ የት ነው? ደብተሩን አዙሮ በጎን አየው፣ መልሶ አቀናው። አንዴ ቀለበቱን ሳይዘጋ ጀመረና ሰረዘው። «እማማ፣ ይቺን ለነገ እናሳድራት» አለ በመጨረሻ።

እናቴ አልሰማችውም። እሱ ሲመራመር እሷ የደብተሩን ጥግ ቀድዳ «ወተት» ብላ ጽፋ፣ የጎረቤቱን ልጅ ሱቅ ልካበታለች።